ከጣሪያው በፊት አዋላጅ

እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ የጦር አውሮፕላኖች ዛሬ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሱ ከተማዋን ራሷን ደበደቡ። ከሞት የተረፈው ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ጎረፈ፤ ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ያለችው ሐርቲሼክም በዓለም ካሉ ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዷ ለመሆን ጊዜ አልፈጀባትም። ከዓመታት በኋላ ሰዉ ሲመለስ የጠበቀው የፈረሰ ቤትና ፈንጂ የተቀበረበት ሜዳ ነው። ይህ በዓይን የሚታየው ነው። የማይታየው ደግሞ አለ፦ ነርሱም ሐኪሙም አዋላጇም ወይ ሞተዋል፣ ወይ ተሰደዋል። ጥይት ካቆመ በኋላ እናቶችን ሲገድል የኖረው ይሄኛው ጉዳት ነው።

የኤድና አዳን ሆስፒታል የተሠራው ለዚህ ነው። መሥራቿ ወይዘሮ ኤድና አዳን ኢስማኢል በ1937 ሐርጌሳ ውስጥ ከሐኪም አባት ተወለዱ። በ1950ዎቹ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው እንግሊዝ አገር ነርስነትና አዋላጅነት ተማሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ባለቤት ነበሩ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባልደረባ ነበሩ፣ በኋላም የሶማሌላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ከዓለም ጤና ድርጅት ጡረታ ሲወጡ ግን መርሴዲሳቸውን ሸጡ፣ የጡረታ ገንዘባቸውን ጨመሩበት፣ ቆሻሻ መጣያ በነበረ ቦታ ላይ መሠረት አስቆፈሩ። ገንዘቡ ጣሪያው ጋ ሲደርስ አለቀ። በ1999 አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ታሪካቸውን ጻፈ፤ ያነበቡ ሰዎችም ገንዘብ አዋጡላቸው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ጣሪያው አይደለም። ግንባታው ሳያልቅ፣ በ2000፣ ወይዘሮ ኤድና ወጣቶች ሰብስበው ነርስነት ማስተማር ጀመሩ። ሆስፒታሉ የተከፈተው በመጋቢት 2002 ነው። ከተማው ውስጥ የሚቀጠር ነርስ ከሌለ አልጋ ደርድሮ ምን ይሆናል? ጦርነት ወዳደቀቀው አገር የሚላከው እርዳታ ብዙውን ጊዜ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ነው፤ ጓንት፣ ምላጭ፣ ሳሙና፣ የእትብት ማሰሪያ። ሁሉም ያስፈልጋል፤ ካርቶን ግን አያዋልድም።

ለምን እንደማያዋልድ ለማየት ማዋለጃ ክፍል መግባት ነው። ሕፃኑ ወጥቷል፣ አልቅሷል፣ ዘመድ እልል ብሏል። አዋላጇ ግን ገና ሥራ ላይ ናት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ እናትየዋን ጭኗ ላይ ትወጋታለች። የእንግዴ ልጁን በዘዴ ታወጣለች፤ ሙሉ መሆኑን ገልብጣ ታያለች። ከዚያ መዳፏን ከእምብርት በታች አድርጋ ማህፀኑ ጠጥሮ እንደሆነ ትዳስሳለች። ከለሰለሰ ታሸዋለች፤ ካልተኮማተረ ደሙ ይወርዳል፣ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜም እናት ልትሞት ትችላለች። መድኃኒቱ ራሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተቀመጠ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከማቀዝቀዣውና ከጄኔሬተሩ ጀርባም ሰው መኖር አለበት።

በሶማሌዎች ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሴቶቹ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ተገርዘዋል፤ የብዙዎቹም ተሰፍቷል። ስፌቱ በምጥ ጊዜ መከፈት አለበት፤ መቼና እንዴት እንደሚከፈት የማታውቅ አዋላጅ እናትንም ልጅንም ትጎዳለች። ወይዘሮ ኤድና ራሳቸው በልጅነታቸው ተገርዘዋል፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ድርጊቱን በአደባባይ ሲቃወሙ ኖረዋል። ያኔ ስለዚህ ጉዳይ በሰው ፊት ማውራት ነውር ነበር።

ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግስ? ብዙ ጊዜ ፈቃዱን የሚሰጠው ባል ወይም የወንድ ዘመድ ነው። ባልየው ግመሎቹን ይዞ ርቆ ሄዶ ከሆነ፣ ሐኪሙ ቢላውን አዘጋጅቶ ስልክ ሲጠብቅ ይቆማል። የዚህን ችግር መፍትሔ የትኛውም የእርዳታ መርከብ ጭኖ አያመጣም።

በዚህ ላይ ሶማሌላንድ በ1991 ከሶማሊያ መለየቷን ብታውጅም ለረጅም ዓመታት እንደ አገር የሚቀበላት መንግሥት አላገኘችም። ስለዚህ እንደ ሌላው አገር በቀላሉ ብድር ጠይቃ ሆስፒታል መሥራት አልቻለችም። እንዲያም ሆኖ ከኤድና ሆስፒታል የተነሳው ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ወይዘሮዋም በ2023 የቴምፕልተን ሽልማትን አግኝተዋል። ለራሳቸው የያዙት ግብ ግን 1000 አዋላጆችን አሠልጥኖ ማሰማራት ነው። ተማሪዎችን ከገጠር የሚያመጡት ተመልሰው እዚያው እንዲያገለግሉ ነው፤ ከከተማ የተላከች ልጅ ገጠር አልቆይ ብላ ትመለሳለች። የአካባቢው ልጅ ስትሆን ነፍሰ ጡሯን ታውቃታለች፣ ምጡ ሳይከፋ ወደ ከተማ ትልካታለች። ባልየውን ለማስፈቀድም ብዙ አትቸገርም፤ አጎቷ ሊሆንም ይችላል።