በሁለት ዶላር የተሸጠው ጣቢያ

በካናዳ አገር አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በሁለት ዶላር ተሸጧል። ሌላው ደግሞ በአንድ ዶላር ለገበያ ቀርቦ ገዢ አጣ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ለመረዳት ከመነሻው ብንጀምር ይሻላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካናዳ በስፋቷ ከዓለም ሁለተኛ ናት። ሕዝቧ ግን ለስፋቷ ጥቂት ነው፤ ከተሞቿም የተራራቁ ናቸው። ቴሌቪዥን በ1952 ሲጀመር መንግሥት ጣቢያ የከፈተው በሞንትሪያልና በቶሮንቶ ነበር። የቴሌቪዥን ሞገድ ደግሞ እንደ ሬዲዮ ሩቅ አይሄድም። ከረጅም ምሰሶ ላይ ቢለቀቅም እንኳ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም ሳያልፍ ይደክማል። ስለዚህ ለትንንሾቹ ከተሞች የየራሳቸው ጣቢያ ያስፈልጋቸው ነበር። መንግሥት ለግል ባለ ሀብቶች ፈቃድ ሰጠ። የመጀመሪያው የግል ጣቢያ በ1953 በማዕድን ማውጫዋ በሰድበሪ ከተማ ተከፈተ። በስንዴ አምራቹ በማኒቶባ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ብራንደን በ1955 ሲ.ኬ.ኤክስ. የተባለውን ጣቢያ አገኘች። በቫንኩቨር ደሴት ጫፍ ያለችው ቪክቶሪያም በ1956 ቼክ የተባለውን አገኘች። (አጠራሩ ልክ እንደ ባንክ ቼክ ነው።)

እነዚህ ጣቢያዎች የመንግሥቱን ድርጅት የሲ.ቢ.ሲ.ን ዝግጅት ያስተላልፋሉ፤ የቀረውን ሰዓት በራሳቸው ይሞላሉ። በምን? የከተማው ምክር ቤት በወሰነው፣ በረዶ በዘጋው መንገድ፣ በአካባቢው ልጆች የሆኪ ግጥሚያ። ይህን ወሬ ቶሮንቶ ያለ ሰው አይፈልገውም፤ ለከተማው ሰው ግን ዋናው ወሬ እሱ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከማስታወቂያ ነው። ተመልካቹ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ባለ ሱቁና መኪና ሻጩ ነው። በከተማው ያለው ጣቢያ አንድ ብቻ በነበረ ጊዜ ማስታወቂያው ሁሉ እሱ ጋ ይሄድ ነበር። በኋላ ግን በኬብልና በሳተላይት ብዙ የአሜሪካ ጣቢያዎች ገቡ። ተመልካቹ ተበተነ፤ ገንዘቡም ተከትሎት ሄደ። ወሬ ማዘጋጀት ደግሞ ውድ ነው፤ ጋዜጠኛ፣ ካሜራና መኪና ይፈልጋል። የተሠራ የአሜሪካ ፊልም ገዝቶ ማሳየት ይረክሳል። በዚህ መሐል ትልልቅ ኩባንያዎች ትንንሾቹን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ገዟቸው። ባለቤቱ ሩቅ ሲሆን እኮ ጣቢያው በሒሳብ መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

በ2008 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ማስታወቂያ ቀነሰ። የቼክ ባለቤት የነበረው ካንዌስት አራት ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል ዕዳ ነበረበት። በሐምሌ 2009 ቼክን በነሐሴ መጨረሻ እዘጋለሁ አለ። የዚሁ ኩባንያ የነበረው የሬድ ዲር ከተማ ጣቢያ በዚያው ቀን ተዘጋ። የብራንደኑን ሲ.ኬ.ኤክስ. ደግሞ ሲ.ቲ.ቪ. የተባለው ኩባንያ በአንድ ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። አንዱ እገዛለሁ አለና ተወው፤ ሁለተኛውም እንደዚሁ። በጥቅምት 2 ቀን 2009 ጣቢያው ተዘጋ።

በአንድ ዶላር እንዴት ገዢ ይጠፋል? ጣቢያ የሚገዛ ሰው ኪሳራውንም አብሮ ስለሚገዛ ነው። ደመወዝ አለ፣ መብራት አለ፣ ያረጀውን ማሠራጫ ወደ ዲጂታል መለወጥም አለ። እንግዲህ ከባዱ ነገር ዋጋው አይደለም፤ ከግዢው በኋላ ያለው ወር ነው።

የቪክቶሪያ ሠራተኞች ይህን ያውቁ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል ከራሳቸው አዋጡ። የከተማው ባለ ሀብቶች ሁለት ሚሊዮን ያህል ጨመሩበት። ኩባንያው በመጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር፤ በመስከረም መጀመሪያ ግን ተስማማ፤ በሁለት ዶላርም ሸጠላቸው። የብሮድካስት ፈቃድ ሰጪው ኮሚሽንም በኅዳር አጸደቀ። ቼክ ዛሬም ይሠራል፤ የደሴቲቱን ወሬም ማታ ማታ ያሰማል።

በ2011 የአሲኒቦይን ወንዝ ሞልቶ በብራንደን ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ሲ.ኬ.ኤክስ. ግን ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።