አወዳደቅ ማወቅ

ጂዩ ጂትሱ እንደምሠራ የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «መንገድ ላይ ሌባ ቢገጥምህ ትጥለዋለህ ማለት ነው?» ይህ ጥያቄ ስፖርቱን ያሳንሰዋል። አብዛኞቻችን ዕድሜያችንን ሙሉ ከሌባ ጋር ግብግብ አንገጥምም። መውደቅ ግን ሁላችንም እንወድቃለን፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ዝናብ ባረጠበው ደረጃ ላይ፣ ዕቃ ተሸክመን ከታክሲ ስንወርድ። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 684,000 የሚጠጉ ሰዎች በመውደቅ ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ይገልጻል። ሳይታሰብ ከሚደርሱ አደጋዎች መካከል ከዚህ የበለጠ የሚገድለው የትራፊክ አደጋ ብቻ ነው። ስፖርቱ ለዕለት ኑሮ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ሳይሰበሩ መውደቅን ያስተምራል።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ የጥንቱን ጁጁትሱ አጣርቶ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ የጁዶ ትምህርት ቤቱን ኮዶካንን ከፈተ። ከዚያ የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባና በኋላ ቤሌም ከተማ ኑሮውን መሠረተ። ትምህርቱ የደረሳቸው የግሬሲ ቤተሰብ ልጆች፣ በተለይ ካርሎስና ታናሽ ወንድሙ ኤሊዮ፣ ወደ መሬት ትግል አዘነበሉት፤ ዛሬ የምንሠራው ጂዩ ጂትሱም ይኸው ነው። በ1993 ዴንቨር ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የዩ ኤፍ ሲ የፍልሚያ ውድድር የኤሊዮ ልጅ ሮይስ ከእሱ የሚከብዱ ሦስት ሰዎችን በአንድ ምሽት አሸነፈ፤ ዓለምም ስፖርቱን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ቀበቶው ከነጭ ተነስቶ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ እያለ ጥቁር ይደርሳል፤ አሥር ዓመት ገደማ መፍጀቱ የተለመደ ነው። ይህን ያህል ይበቃል።

አሁን ወደ አወዳደቅ። ሚዛኑን የሳተ ሰው ማንም ሳያዘው እጁን ይዘረጋል። ክንዱ እንደተወጠረ፣ መዳፉ እንደተከፈተ መሬት ሲነካ የሰውነቱ ክብደት በእጁ አንጓ ላይ ያርፋል። የደብሊኑ ቀዶ ሐኪም አብርሃም ኮለስ ከዚህ ዓይነት አወዳደቅ የሚመጣውን የአንጓ ስብራት ጽፎ ያሳወቀው በ1814 ነው፤ ኤክስሬይ ከመገኘቱ 81 ዓመት ቀድሞ። ስብራቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፣ እስከ ዛሬም የድንገተኛ ክፍሎችን ደጅ ይጠናል። ወደ ኋላ የወደቀ ሰው ዕጣ ደግሞ የከፋ ነው። መቀመጫው ቀድሞ መሬት ይነካና፣ ጀርባው ቀጥ እንዳለ ከሆነ ጭንቅላቱ እንደ ጅራፍ ጫፍ ከሁሉ በኋላ፣ ከሁሉ በላይ ፈጥኖ ይደርሳል።

ማት በምንለው የልምምድ ምንጣፍ ላይ የሚሰጠው ትምህርት ይህን ልማድ ማስረሳት ነው። «ቀበቶህን እይ!» ይላል አሠልጣኙ። ዓይን ወደ ቀበቶው ቋጠሮ ሲወርድ አገጭ ደረት ላይ ይገባል፣ ማጅራትም ከመሬት ይርቃል። ጀርባ ይጎብጣል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ሰውነት ከመቀመጫ ወደ ትከሻ ይንከባለላል። ሁለቱ ክንዶች ከጎን ትንሽ ራቅ ብለው፣ መዳፋቸው ወደ ታች ሆኖ ማቱን ይመታሉ። ትንፋሽ በዚያው ቅጽበት ይወጣል። ሁሉም ነገር ይኸው ነው፤ ከባዱ ሳያስቡት እስኪመጣ ድረስ መደጋገሙ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ አንዳንድ አሠልጣኝም ጭምር፣ የሚሳሳትበትን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የወደቀ ሰው ማቱን በእጁ ሲመታ ድምፁ አዳራሹን ይሞላዋል፤ ተመልካችም ምስጢሩ ድምፁ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ጀማሪው ራሱን ረስቶ ድምፁን ያደምቃል፤ አገጩ ወደ ጣሪያ ቀና ብሎ እጁ ብቻ ይጮኻል። ይህ መጥፎ አወዳደቅ ነው። የእጅ ምቱ ግጭቱ በሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ እንዲበተን ያግዛል፤ ከዚያ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ለእጅ ሥራ መስጠቱ ነው። ወደ ጎን ወጥቶ መሬት እንዲመታ የለመደ ክንድ ከኋላ ተወትሮ ልደግፍ አይልም። አስፋልት ላይ እጃችሁን በኃይል እንድትመቱ አልመክርም፤ የጣት አጥንት ኮንክሪት አይችልም። አስፋልት ላይ የሚያድነው ጉልበትን አጥፎ ወደ መሬት መቅረብ፣ አገጭን ማስገባትና መንከባለል ነው። ኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ወደ ጎን መውደቅን ለክተው፣ ከማርሻል አርት የተወሰደው የመንከባለል ዘዴ ዳሌ ላይ የሚያርፈውን ኃይል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የዳሌ ስብራት ለአዛውንት ምን ማለት እንደሆነ በቤቱ ያየ ሰው ይህ ስንት እንደሚያወጣ ያውቀዋል።

በምኖርበት በቨርጂኒያ አብራኝ የምትሠለጥን አንዲት የአገሬ ልጅ አለች፤ ሥራዋ በየቤቱ እየዞረች አዛውንቶችን መንከባከብ ነው። በረዶ በያዘበት ሰሞን የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ወደ መኪናዋ ስትራመድ፣ አስፋልቱ ላይ የተጋገረው ስስ በረዶ ሁለት እግሯን ባንዴ ነጠቃት። ክርኗ ተላጠ፣ ዳሌዋ ጠቆረ፤ ሌላ ጉዳት አላገኛትም። «ወንድሜ፣ አስቤ ያደረግኩት እንዳይመስልህ፤ አገጬ ራሱ ነው የገባው» አለችኝ።

ሌላም ነገር ያሳየችኝ እሷው ናት። መነሳት የማይችል ከባድ ሰውን አልጋ ላይ ማገላበጥ ወገብ ይቆርጣል። እሷ ግን አትጎትትም። ከእሷ ራቅ ያለውን ጉልበቱን ታጥፋለች፣ ክንዱን ደረቱ ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ በጉልበቱና በትከሻው በኩል ይዛ ወደ ራሷ ታዞረዋለች። ነርሶች ይህን የተማሩት ከጂዩ ጂትሱ አይደለም። ሆኖም ማት ላይ ከታች ሆኖ የሚከብደውን ተጋጣሚ የገለበጠ ሰው ነገሩ ለምን እንደሚሠራ በሰውነቱ ያውቀዋል። ደረትህ ላይ የተቀመጠውን ሰው አንድ እጁንና በዚያው በኩል ያለውን እግሩን ካሰርክበት የሚደገፍበት ያጣል፤ ዳሌህን ወደ ላይ ስታነሳ ክብደቱ ራሱ ይዞት ይሄዳል።

ከመሬት መነሳትም ትምህርት ነው። አንድ እጅ ከኋላ መሬት ይይዛል፣ በተቃራኒው በኩል ያለው እግር ይተከላል፣ መቀመጫ ከፍ ሲል የቀረው እግር ከሥር ወደ ኋላ ያልፋል፤ ቆምክ። አንደኛው እጅ ነፃ ስለሆነ ልጅ የታቀፈ ወላጅ እንኳ ይነሳበታል። ዕድሜዬ ገፋ ብለው ከመሬት መቀመጥ የተዉ ሰዎች በዚህ ዘዴ ወለል ላይ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ወደ መጫወት ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ደስታዬ ወደር የለውም።

ስለ ታፕ አንድ ነገር ልበል። የክንድ ወይም የአንገት መያዣ ሲጠብቅብህ ተጋጣሚህን መታ መታ ታደርገዋለህ፣ እሱም ወዲያው ይለቅቃል። በ1951 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ማራካና ስታዲየም ውስጥ ኤሊዮ ግሬሲ ከጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ሲታገል ታፕ አላደርግም አለ፤ ክንዱ ተሰበረ፣ ትግሉን ያስቆመውም ከዳር ሆኖ የሚያየው ወንድሙ ነው። ያ የክንድ መያዣ ዛሬ ኪሙራ ይባላል። የኤሊዮን ወኔ አከብራለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ግን እሱን አይከተል። በጊዜ ታፕ ያደረገ በዚያው ሰዓት ውስጥ ደግሞ ይታገላል። «ገና አልያዘኝም» እያሉ መጠበቅ ክርን ያስከፍላል።

ጥንቃቄ የሌላቸውንም ልቆጣ። ጥፍራችሁን ሳትቆርጡ አትምጡ። በባዶ እግር መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ ማት አትርገጡ፤ ጭርት ከሰው ወደ ሰው የሚዞረው እንዲህ ነው። የቤት ንዴታችሁን አብሯችሁ በሚሠለጥነው ሰው ላይ አታውጡ፤ ክንዱን ያበደራችሁ በአደራ ነው።

ጂም ስትመርጡ የግድግዳውን ሜዳሊያ አትቁጠሩ። የጀማሪዎችን ክፍል አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩ። አወዳደቅ ያልተማረ ጀማሪ ቆሞ እንዲታገል ከተደረገ ሌላ ጂም ፈልጉ። ጥሩ አሠልጣኝ መጀመሪያ ተቀምጣችሁ ወደ ኋላ እንድትንከባለሉ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ቁጢጥ ብላችሁ፣ ሲቆይ ቆማችሁ። ዕድሜያችሁ የገፋ ወይም አጥንታችሁ የሳሳ ከሆነ ሐኪማችሁን አማክሩና ቁጢጡ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ቆዩ። አገጫችሁ ያለ አሠልጣኙ ጩኸት እስኪገባ ድረስ ማንም ቆማችሁ እንዲጥላችሁ አትፍቀዱ።