አዲሱን ሄድፎን «ቤዝ የለውም» ብላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት

ደህና ሄድፎን ከገዛ ሰው የሚሰማ አንድ የታወቀ ቅሬታ አለ። «ድምፁ ቀጫጫ ነው፣ ቤዝ የለውም፣ የድሮዋ ርካሿ ትሻለኛለች» ይላል። ገበያው በፎርጅድ የተሞላ ስለሆነ «ተበላሁ» ብሎ መጠርጠሩም አይፈረድበትም። ግን ኦሪጅናል የገዛውም ሰው የመጀመሪያ ቀን ይህንኑ ነው የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ኢርፎኖች ሲሠሩ ቤዙም ቀጭኑ ድምፅም ሆን ተብሎ ይጋነናል። ሱቅ ላይ ለአንድ ደቂቃ ስትሞክሩት «ይመታል!» እንድትሉ ነው። የሚጎዳው መሐሉ ነው። የዘፋኙ ድምፅ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ በአብዛኛው ያሉት ደግሞ እዚያ መሐል ላይ ነው። ይህን ለዓመታት የሰማ ጆሮ ትክክለኛው ድምፅ እሱ ይመስለዋል። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር የለመደ ሰው በአንድ ማንኪያ ሲሰጡት ውሃ ውሃ እንደሚለው ማለት ነው።

አእምሮ ግን ይለምዳል፤ ያውም በሚገርም ሁኔታ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በ4 ሰዎች የውጭ ጆሮ ላይ ሻጋታ ለጥፈው የጆሯቸውን ቅርጽ ቀየሩት። ሰዎቹ መጀመሪያ ድምፅ ከላይ ይምጣ ከታች መለየት አቃታቸው። በሳምንታት ውስጥ ግን በአዲሱ ጆሯቸው እንደገና ተማሩ። ሻጋታው ሲወልቅም የድሮው ችሎታ አልጠፋባቸውም። ጥናቱ ስለ ሄድፎን አይደለም፣ ግን ጆሮ ከአዲስ ነገር ጋር ራሱን ምን ያህል እንደሚያስማማ ያሳያል።

አንድ የደብረ ታቦር ጓደኛዬ በጾም ወቅት በገና ከፍቶ «ተመልከት፣ ገና ሳልጠቀምበት መንዘር ጀመረ» ብሎ ሄድፎኑን አቀበለኝ። ሰማሁት። የሚነዝረው በገናው ራሱ ነው! በገና 10 አውታር አለው፤ በእያንዳንዱ አውታርና በድጋፉ መካከል «እንዚራ» የሚባል የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ያንን የታወቀ የንብ የሚመስል ድምፅ ይሰጣል። በርካሹ ኢርፎን ልጁ ሙሉውን ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ሌላው ደግሞ የቀረጻው ነገር ነው። ጥሩ ሄድፎን ገበና ያወጣል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን ዘፈኖች ብትከፍቱ የሸክላውን መንቋቋት ትሰሙታላችሁ። ከዚያ በኋላ በካሴት ዘመን የወጣውም «ሽ…» የሚል ድምፅ አለው። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት፣ ጥራቱ የወረደ ፋይል ከሆነማ ጥፋቱን ሄድፎኑ ላይ አታላክኩ። እስኪ ያንኑ ዘፈን በተሻለ ጥራት ፈልጉትና አወዳድሩ።

«100 ሰዓት ሳይዘጋ ይጫወት፣ ከዚያ ይከፈታል» የሚሉ ሻጮች አሉ። በመሣሪያ ሲለካ የተገኘው ለውጥ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በአብዛኛው የሚለወጠው የእናንተ ጆሮ ነው። ስፖንጁም በጊዜ ይለሰልስና ጆሮ ላይ በደንብ ይገጥማል። ይቺ የመግጠም ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ፤ በእኛ አገር ብርድ ኮፍያ ላይ ደርቦ የሚያደርግ ሰው ቤዙን ራሱ በቀዳዳ እያስወጣው ነው። ወፍራም የመነጽር እጀታም እንደዚያው።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሳምንት ወደ ድሮው ሳትመለሱ፣ በቃላችሁ የምታውቋቸውን ዘፈኖች ስሙበት። ካወዳደራችሁም ሁለቱም እኩል ይጩኹ። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ቤዝን አብልጦ ስለሚያጣ፣ ከፍ ብሎ የተከፈተው ሁሌም የተሻለ ይመስላል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ርካሹ ኢርፎን ቮልዩም ሲጨመር ስለሚሰነጠቅ ሳትወዱ ትቀንሱታላችሁ። ጥሩው ግን ከፍ ሲልም ጥርት ብሎ ስለሚቀጥል መጮኹ አይታወቃችሁም። በተለይ ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ስትሄዱ፣ ሞተሩንና የሾፌሩን ሙዚቃ ለማሸነፍ ስትጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። 90 ሲደርስ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ! የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ መልሶ አይበቅልም። ካወለቃችሁት በኋላ ጆሯችሁ ከጮኸ አብዝታችኋል።

በመልመድ የማይስተካከል ችግርም አለ። አንዱ ጎን ከሌላው ካነሰ መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ የግራና ቀኝ ሚዛኑ መሐል መሆኑን እዩ። ከዚያ ሄድፎኑን ገልብጣችሁ፣ የግራውን በቀኝ አድርጉት። ድክመቱ ወደ ሌላው ጆሮ ከዞረ በሌላ ስልክም ሞክሩት፤ እዚያም ያው ከሆነ ዕቃው ችግር አለበት፣ ጊዜ ሳትሰጡ ለሻጩ መልሱ። በዚያው ጆሮ ላይ ከቀረ ግን ዕቃው ደህና ነው። ኩክ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ በክብሪት እንጨት ከመጎርጎር ሐኪም ጋር ሄዳችሁ ታዩ።