እንጀራና ስኳር የተከለከለ ሰውነት የሚያሰማው አቤቱታ

የሰው ሰውነት እንደ አንድ ቤተ ሰብ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። አንድ ቤተ ሰብ ለብዙ ዘመን የኖረበት ሥርዓት በአንድ ቀን ሲለወጥበት አንዱ ያጉረመርማል፤ ሌላው ይታመማል፤ ሌላው ደግሞ የሚሆነውን ዝም ብሎ ይጠባበቃል። ሰውነትም ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደውን ምግብ በድንገት ሲከለክሉት እንዲሁ ያደርጋል።

በአሁኑ ጊዜ በከተሞቻችን ብዙ ሰዎች እንጀራን፣ ዳቦን፣ ፓስታን፣ ድንችንና ስኳርን በአንድ ጊዜ ይተዋሉ። አንዳንዱ ውፍረቱን ለመቀነስ ነው፤ አንዳንዱ ሐኪም በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ ማለፉን ስለ ነገረው ነው፤ አንዳንዱም የሥራ ባልደረባው ቀጥኖ ስላየ ነው። ይህን ምግብን መርጦና ወስኖ መብላት «ዳይት» ይሉታል። አሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ራስ ይታመማል፤ ጉልበት ይደክማል፤ ከወንበር ሲነሡ ያዞራል፤ ሌሊት ባት ይኮማተራል፤ ሆድ ይደርቃል፤ የአፍ ጠረን ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ባለ ቤቱም ቤተ ሰቡም ይደነግጣል።

ከድንጋጤውም ሁለት ዓይነት ስሕተት ይወለዳል። አንደኛው፣ «ይህ ነገር ሊገድለኝ ነው» ብሎ በዚያው ቀን ወደ ቀድሞው ምግብ በሙሉ መመለስ ነው። ሁለተኛው፣ «ሕመሙ ስቡ እየቀለጠ ለመሆኑ ምልክት ነው» ብሎ ሁሉን በዝምታ መታገሥ ነው። ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው። ሰውነት የሚያሰማው አቤቱታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና። አንዱ በጥቂት ቀን የሚያልፍ ነው፤ ሌላው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚረዳውን ነገር ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም

እህልንና ስኳርን መተው የዛሬ ፈጠራ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የሎንዶን ሰው፣ ሐኪሙ ዊልያም ሃርቪ ዳቦን፣ ስኳርን፣ ቢራንና ድንችን እንዲተው ስለ መከረው ክብደቱ መቀነሱን የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ዶክተር ራስል ዋይልደር ስብ የበዛበትና እህል ያነሰበት ምግብ ለሚጥል በሽታ ሕሙማን እንዲሰጥ አሳብ አቀረበ፤ ስሙንም «ኬቶጄኒክ» አለው። ይህ አመጋገብ ዛሬም መድኃኒት ላልረዳቸው ሕፃናት ይሰጣል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ይህ አመጋገብ በሆስፒታል እንደ መድኃኒት ሲሰጥ ምግቡ በሚዛን እየተለካ፣ ደሙም እየተመረመረ ነው። መድኃኒት የሆነውን ነገር በወሬ ብቻ መጀመር ግን ከጥበብ አይቆጠርም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነት ምን ይሆናል?

በጉበታችንና በጡንቻዎቻችን ውስጥ «ግላይኮጅን» የሚባል የስኳር ስንቅ ይቀመጣል። በአንድ ሙሉ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ይህ ስንቅ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። እያንዳንዱ ግራም ስንቅ ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ከራሱ ጋር ይዞ ይኖራል። እህልና ስኳር ሲቋረጥ ሰውነት መጀመሪያ የሚያወጣው ይህንኑ ስንቅ ነው፤ ስንቁም ሲያልቅ ይዞት የነበረው ውሃ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በሚዛን ላይ ሁለት ኪሎ ቀንሶ ያየ ሰው የቀነሰው አብዛኛው ውሃ እንጂ ስብ አለመሆኑን ይወቅ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨውን ከወትሮው አብልጦ ያስወጣል። ውሃና ጨው በአንድነት ሲጎድሉ የደም ግፊት ዝቅ ይላል። ከወንበር ሲነሡ የሚያዞረው፣ ራስ የሚታመመውና ጉልበት የሚከዳው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። የአፍ ጠረን የሚለወጥበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ስኳር ያጣ ጉበት ከስብ «ኪቶን» የሚባል ነገር ይሠራል፤ ከኪቶንም አንዱ ክፍል በትንፋሽ ይወጣል።

የሆድ ድርቀትም የራሱ ምክንያት አለው። ከ100 ግራም የጤፍ እህል ውስጥ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት የሚባለው ኃይል ሰጪ ክፍል ነው። ነገር ግን ጤፍ ብረትና ማግኒዥየም፣ እንዲሁም አሠር የሚባለውን ሆድን የሚያለሰልስ ክፍል ይሰጣል። እንጀራውን ያነሣ ሰው ይህን ሁሉ አብሮ ያነሣል። በምትኩ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ተልባ ካልተተካ ሆድ መድረቁ የማይቀር ነው።

ቡናን አብሮ መተው

ብዙ ሰው ስኳርን ሲተው «ያለ ስኳር ቡና ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ቡናውንም በዚያው ቀን ይተዋል። ቡና የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፤ ሕመሙም ከሁለት እስከ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ ይችላል። ይህን የራስ ምታት ጾመኞች ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን የተወ ሰው የትኛው እንዳሳመመው ለማወቅ ይቸግረዋል። መጀመሪያ ስኳሩን፣ ከዚያ በኋላ ካስፈለገ ቡናውን፣ እርሱንም ስኒ በስኒ መቀነስ ይሻላል።

ጾምና ዳይት ሲደራረቡ

በእኛ አገር በልዩ ጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነገር ይህ ነው። ከእህል የሚርቀው የውጭ አገር ሰው በእንጀራው ፋንታ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወተትና ቅቤ ይበላል። የእኛ ሰው ግን ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱንና ቅቤውን በጾም ምክንያት ይተዋል። በዚህ ላይ እንጀራውን፣ ዳቦውንና ሽሮውን በዳይት ምክንያት ከተወ በትሪው ላይ የሚቀረው ጎመንና ዘይት ብቻ ነው። ይህ ምግብን መምረጥ ሳይሆን መራብ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያዞረው ምግብ ስለ ለወጠ ሳይሆን ምግብ ስላጣ ነው።

ስለዚህ በጾም ወራት ጥብቅ ዳይት መጀመር ከቶ አይመከርም። በጾም ጊዜ ውፍረቱን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው እንጀራውን በግማሽ ቀንሶ ምስሩን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን ባይተው፣ አትክልቱንም ቢያበዛ ይበቃዋል። ሕመምተኛ የሆነ ሰው ደግሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር።

ጠባይ ሲለወጥ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 ዓ.ም.፣ ዶክተር አንሰል ኪይስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤናማ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት ግማሽ ያህል ምግብ ብቻ እየሰጠ መረመራቸው። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ብርድ ይሰማቸው ነበር፤ ይበሳጩ ነበር፤ ያዝኑ ነበር፤ ከምግብም በቀር ሌላ ነገር ማሰብ አቃታቸው።

በቤት የሚደረገው ዳይት እንደዚህ የከፋ አይደለም። ሆኖም ትምህርቱ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል። አባት ከቢሮ ሲመለስ በትንሽ ነገር ቢቆጣ፣ እናትም ያለ ምክንያት ብታዝን፣ ነገሩ የጠባይ ክፋት ሳይሆን የምግብ ማነስ ሊሆን ይችላል። ባልና ሚስት ዳይቱ ከመጀመሩ በፊት ቢነጋገሩበት፣ ሁሉም በአንድ ገበታ የሚበሉት ወጥ ተሠርቶ የሚቀነሰው እንጀራው ብቻ ቢሆን፣ ዳይት የያዘው ሰው ከገበታ አይለይም፤ ባለ ቤቲቱም ሁለት ዓይነት ምግብ በመሥራት አትደክምም። ልጆች ግን በማደግ ላይ ስለ ሆኑ በወላጆቻቸው ዳይት ሊካፈሉ አይገባም።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የሚወስደው የኢንሱሊን መርፌ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የታዘዘለት ይበላ በነበረው እንጀራ ልክ ነው። እንጀራው ተቀንሶ መድኃኒቱ ሳይቀነስ ሲቀር በደም ያለው ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ያልበዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ንግግሩ ይዛባል፤ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ቤተ ሰቡ ይህን «የዳይት ድካም ነው» ብሎ ካለፈው ሕይወቱ ሊጠፋ ይችላል።

በመሣሪያ ሲለካ ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ፣ ወይም መሣሪያ ሳይኖር ምልክቱ ከታየ፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ዳግመኛ መለካት ነው። ካልተሻለው ይደገምለታል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ነገር አይሰጠውም፤ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ይህን ሁሉ ከመፍራት የተነሣ በገዛ ፈቃድ ኢንሱሊንን ማቋረጥም የባሰ አደጋ ነው። መጠኑን የሚለውጠው ሐኪም ብቻ ነው።

ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎችም አሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2015 ዓ.ም. እንዳስጠነቀቀው፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው ደሙ በኪቶን አሲድ ሊመረዝ ይችላል፤ እህልን መተውም አደጋውን ያብሰዋል። በዚህ ጊዜ በደም ያለው ስኳር በጣም ከፍ ሳይል ሊቀር ስለሚችል ልኬቱን ብቻ አይቶ መጽናናት አይገባም። የደም ግፊት ክኒን፣ ይልቁንም ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስድ ሰውም ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድበት ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች እንዲህ ያለውን ዳይት ሊጀምሩ አይገባም።

የሚያልፈውና የማያልፈው

ቀላል የራስ ምታት፣ ድካም፣ የአፍ ጠረን፣ የሆድ ድርቀትና የባት መኮማተር ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላሉ። ውሃ መጠጣት፣ አትክልት ማብዛት፣ ቀስ ብሎ መነሣት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ከባድ ሥራን መቀነስ ይረዳል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም የሌለበት ሰው ጨው ያለበት የሥጋ ወይም የአትክልት መረቅ ቢጠጣ ይበጀዋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ፀጉር ቢረግፍ ክብደት በፍጥነት የመቀነሱ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይመለሳል።

የሚከተሉት ግን ትዕግሥት የሚገባቸው አይደሉም። ልብ ያለ ልክ ቢመታ ወይም ቢዘል፣ ሰው ራሱን ቢስት፣ ትውከት አልቆም ቢል፣ ሆድ አጥብቆ ቢያም፣ ትንፋሽ ጥልቅና ፈጣን ቢሆን፣ አእምሮ ቢደነጋገር፣ በቀኝ ጎድን ሥር ከባድ ሕመም ቢሰማ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚቀንስ ሰው የሐሞት ጠጠር ሊይዘው ይችላልና የጎድኑን ሕመም አይናቀው። የልብንም ነገር መናቅ የሚያመጣውን ጥፋት ታሪክ መዝግቦታል። በ1970ዎቹ ዓመታት ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ በፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ከ50 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሞቱት የልብ ምት በድንገት ተዛብቶባቸው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሻይንና የለስላሳ መጠጥን ስኳር፣ በሁለተኛው የማታውን ዳቦ፣ በሦስተኛው ከእንጀራው እኩሌታውን የቀነሰ ሰው በአንድ ቀን ሁሉን ከተወው ይልቅ ሳይታመም ይዘልቃል። በአንድ ደብተር ላይ የበላውን፣ የተሰማውንና የወሰደውን መድኃኒት ከነሰዓቱ ይጻፍ። ይህን ደብተር ይዞ የሚቀርብ ሕመምተኛ ለሐኪሙ ከብዙ ጥያቄ የተሻለ መልስ አመጣለት ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚሰማውን ለቤተ ሰቡ አይደብቅ። «በሽታውን ለደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና። ዳይት የሚያዘው ለጤና ነው፤ ጤናን የሚነሣ ዳይት ግን የተያዘበትን ምክንያት ስለ ሳተ ቢለወጥ ወይም ቢቀር የሚያሳፍር ነገር የለውም።