ለበጎ ፈቃድ ስሌት የኮምፒውተር ዕቃ አመራረጥ

የበጎ ፈቃድ የጋራ ስሌት፣ አንድ የምርምር ተቋም ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን የስሌት ጉልበት በየቤቱ ካሉ የግል ኮምፒውተሮች የሚያሰባስብበት አሠራር ሲሆን፣ ሥራው በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ በኢንተርኔት ከታደለ በኋላ እያንዳንዱ ማሽን ድርሻውን አስልቶ ውጤቱን ለማዕከላዊው ሰርቨር ይመልሳል። ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ያለ ቀሪ የማይካፈሉ ግዙፍ ቁጥሮችን የሚያፈላልገው ጊምፕስ እ.ኤ.አ. በ1996፣ የፕሮቲንን አተጣጠፍ የሚያጠናው ፎልዲንግ አት ሆም ደግሞ በ2000 ሥራ ጀምረዋል። ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ኮምፒውተሩን ለማሻሻል ሲያስብ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመለከተው የዕቃውን አዲስነትና ዋጋ ቢሆንም፣ ምርጫውን የሚወስነው ግን የሚቀላቀለው ፕሮጀክት የሚሠራው የስሌት ዓይነት ነው።

ይህ ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ ምስል ለመሥራት ቁጥሮችን እስከ ሰባት አሃዝ ገደማ በትክክል መያዝ ይበቃል፤ ይህም ነጠላ ትክክልነት ይባላል። አንዳንድ የሳይንስ ስሌቶች ግን አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት አሃዝ የሚይዘውን ድርብ ትክክልነት ይጠይቃሉ፤ አምራቾችም ይህን ችሎታ ለውድ የሙያ ካርዶቻቸው ስለሚያስቀሩት በተራ ካርዶች ላይ እጅግ አሳንሰው ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 በነጠላ ትክክልነት፣ በ2012 መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለውን የኤኤምዲ ራዲዮን ኤችዲ 7970 ከሁለት እጥፍ በላይ ሲበልጠው፣ በድርብ ትክክልነት ግን አሮጌው ካርድ አዲሱን ከሦስት እጥፍ በላይ ያስከነዳዋል። የፍኖተ ሐሊብን ቅርጽ የሚያጠናው ሚልኪዌይ አት ሆም ድርብ ትክክልነት ይፈልግ ስለነበር፣ ተሳታፊዎቹ ጨዋታ ወዳዶች የተዉትን ያገለገለ ካርድ ፈልገው ይገዙ ነበር፤ ይሁን እንጂ ፕሮጀክቱ በ2023 የግራፊክስ ካርዱን ሥራ ዘግቶ በፕሮሰሰር ብቻ ቀጠለ። ስለዚህ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ተብሎ የሚገዛ ዕቃ፣ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ አስተማማኝ ግዢ አይደለም።

ፕሮሰሰር ሲመረጥ ከኮሮቹ፣ ማለትም በውስጡ ጎን ለጎን ከሚሠሩት የስሌት ክፍሎች፣ ብዛት ጋር ራም አብሮ ይታሰባል። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውና ብዙ ፕሮጀክቶች የሚጠቀሙበት ቦይንክ የተባለው ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ለየኮሩ የተለየ ሥራ ስለሚሰጥ፣ አንዱ ሥራ አንድ ጊጋባይት የሚፈልግ ከሆነ ባለ 16 ኮር ማሽን ለስሌቱ ብቻ 16 ጊጋባይት ይፈልጋል ማለት ነው። በጊምፕስ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ግዙፉ ቁጥር ከራም ወደ ፕሮሰሰር ያለማቋረጥ ስለሚመላለስ ማነቆው መንገዱ ነው፤ በመሆኑም ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ራም ከመሰካት ይልቅ ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ራም በሁለቱ መስመሮች ላይ መሰካት፣ መጠኑ ሳይለወጥ፣ ስሌቱን በግልጽ ያፋጥነዋል። ለዚህ ሥራ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ ትንሹን ወጪ የሚጠይቀው ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የዕቃው ዋጋ አንዴ ይከፈላል፤ የመብራቱ ሂሳብ ግን በየወሩ ይመጣል። 250 ዋት እየሳበ ቀን ከሌት የሚሠራ ማሽን በቀን 6፣ በዓመት 2,190 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በነፃ የተገኘ አሮጌ ማሽን፣ ተመሳሳዩን ሥራ በግማሽ ኃይል ከሚጨርስ አዲስ ማሽን ይልቅ ውሎ አድሮ ሊወደድ ይችላል። የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ጣሪያ በሶፍትዌር ዝቅ ማድረግም ይቻላል፤ ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ለመጨረሻዋ ጥቂት ፍጥነት ብዙ ኃይል እንዲያወጡ ተደርገው ስለሚስተካከሉ፣ ጣሪያው በመጠኑ ሲቀነስ የሚጠፋው ፍጥነት ከሚድነው ኃይል ያነሰ ይሆናል። ላፕቶፕ ግን ቀጭን አካሉ ሙቀትን በቀላሉ ስለማያስወጣ ለማያቋርጥ ስሌት አይመችም፤ ሌላ ማሽን የሌለው ተሳታፊ በቦይንክ ማስተካከያ ውስጥ የሚሠሩትን ኮሮች ቁጥር በግማሽ ቢቀንስ ይሻለዋል።