ፎርክሊፍት ከግቢ ሲወጣ ምን ይጠየቃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ ላይ ሕንፃ የሚያሠሩ ወይም ለገሀር አካባቢ መጋዘን ያለዎት ከሆነ ይህ ነገር አንድ ቀን ይገጥምዎታል፦ ፎርክሊፍቱ ከአንዱ ግቢ ወጥቶ፣ አስፋልቱን ይዞ፣ ሌላ ግቢ መግባት አለበት። መንገዱ አጭር ነው። «ለዚች ደግሞ ፈቃድ?» ይሉ ይሆናል። አዎ፣ ያስፈልጋል።

ከኦፕሬተሩ እንጀምር። በሙያው ተመዝኖ ያገኘው የብቃት ማረጋገጫ፣ ሲኦሲ የምንለው፣ ማሽኑን መሥራት እንደሚችል ይመሰክርለታል። መንጃ ፈቃድ ግን አይሆነውም። ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ ላይ ለመንዳት በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ የተሰጠ ፈቃድ መያዝ አለበት። እንደ ፎርክሊፍት ላሉ የሥራ ማሽኖች ያለው ምድብ «ልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ» ይባላል።

የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ካለውስ? አይበቃም፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። የቤት መኪና የሚታጠፈው በፊት እግሩ ነው፤ ፎርክሊፍት በኋላ እግሩ። ሾፌሩ መሪውን ሲጠመዝዝ የማሽኑ ጀርባ ወደ ጎን ይወረወራል፤ እግረኛ የሚመታውም ብዙ ጊዜ ይኸው ጀርባ ነው። 2.5 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ባዶውን ወደ 4 ቶን ይጠጋል፤ ከኋላው የተቀመጠው ከባድ ብረት ከፊት ያለውን ጭነት እንዲያመዛዝንለት ነው። ጭነቱ ከፍ ብሎ ሳለ በድንገት ከታጠፈ ይገለበጣል።

ዳገትና ቁልቁለት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ ሲወርድ ጭነት የያዘ ፎርክሊፍት ፊቱን ወደ ታች አዙሮ አይነዳም፤ ጭነቱ ሁልጊዜ በዳገቱ በኩል እንዲሆን በኋላ ማርሽ ይወርዳል። ሚኒባስና እግረኛ በሚተራመሱበት መንገድ ቁልቁለቱን ወደ ኋላ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። እኔ ጭኖ አስፋልት ላይ እንዲወጣ ፈጽሞ አልመክርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማሽኑ ነው። መንገድ ላይ የሚወጣ ከሆነ ተመዝግቦ ሰሌዳ ያገኘ፣ የዓመቱ ምርመራ ተደርጎለት ቦሎ የተለጠፈለት መሆን አለበት። መብራቱ፣ ጥሩምባውና ፍሬኑ መሥራታቸውን ከመውጣቱ በፊት ራስዎ ቆመው ያረጋግጡ።

ሦስተኛው መድን ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተሽከርካሪ መንገድ ላይ የሚያወጣ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ማለትም ማሽኑ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል መድን ነው። ሾፌሩ ተገቢው ፈቃድ ከሌለው የመድን ኩባንያው ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል።

ግቢ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነስ? የመንገዱ ሕግ ባይደርስበትም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅና ስለ ሥራው አደጋ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ እንዲህ ባለ አደገኛ ሥራ ላይ አይሰማራም።

ወጪው የት የት ነው? ሥልጠናው፣ የጤና ምርመራው፣ ፈተናውና ፈቃዱ ለሾፌሩ፤ ምዝገባው፣ ቦሎውና የመድኑ ዓረቦን ለማሽኑ። ዓረቦን ለመድን ኩባንያ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ፎርክሊፍቱ በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቻ የሚዘዋወር ከሆነ ሎቤድ መከራየት ይሻላል። ሎቤድ ማሽን የሚጫንበት ዝቅ ያለ ተሳቢ ነው። ሆኖም ከተማው ለከባድ መኪና የቀን ሰዓት ገደብ ስላለው ኪራዩን ሲነጋገሩ የሚጫንበትን ሰዓትም አብረው ይቁረጡ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ሕይወት ሲያልፍ ነው። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት ሆን ብሎ ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

ሁሉ ተሟልቶ ማሽኑ በራሱ እግር የሚሻገር ከሆነ ባዶውን ይውጣ። ሁለቱ የሹካ ብረቶች ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሞላ ዝቅ ይበሉ። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ደግሞ ከኋላ ይሁን። ተማሪ የሚወጣበትንና ሠራተኛ የሚገባበትን ሰዓት ይለፉት።