ማዕዱን የሚመርጠው ዱቤ

«መጀመሪያ ዕዳዬን ልክፈል፤ ስለ ጤናማ ምግብ ከዚያ በኋላ አስባለሁ።» ደመወዝ በሚጠበቅበት ቤት ይህን ያልተናገረ ወይም ሲነገር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ሐሳቡ ልክ ይመስላል፤ ሁለት ሸክም በአንዴ አይነሣም ነው ነገሩ። እኔ ግን ብዙ ቤተሰብን በዕዳም በሕመምም አዙሪት ውስጥ የሚያቆየው ይኸው አስተሳሰብ ነው ባይ ነኝ። የአዲስ አበባ ደመወዝተኛ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ ተበልቶ ያለቀ ነገር ዕዳ ነው። ቤት አልተሠራበትም፣ መኪና አልተገዛበትም፤ ዘይትና ስኳር ተገዝቶበታል። ዕዳው ከማጀት የመጣ ከሆነ መውጫውም ከማጀት አይርቅም።

የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር አንድ ገጽ ገልጦ ማየት ይበቃል። «ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ፓስታ 2፣ ስኳር ግማሽ ኪሎ፣ ሩዝ 1 ኪሎ፣ ለስላሳ 2፣ ብስኩት፣ ስኳር ግማሽ ኪሎ፣ ዘይት ግማሽ ሊትር።» እስከ ታች ቢወርዱ ጎመን አይገኝም። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ዱባም የሉም። ቤተሰቡ አትክልት ጠልቶ አይደለም። ሱቁ አትክልት አይሸጥም፤ በጉሊት የምትሸጠው እናት ደግሞ ዱቤ የመስጠት አቅም እምብዛም የላትም። ጠዋት ያመጣችውን እስከ ማታ ሸጣ በዚያው ገንዘብ ነገ ካልገዛች ሥራዋ ይቆማል። ስለዚህ ከወሩ 20 ቀን በኋላ እጁ ያጠረው ቤት የሚበላው የሚጠቅመውን ሳይሆን በደብተር የሚሰጠውን ነው። ዱቤ ገንዘባችንን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ምን እንደምንበላም ይመርጥልናል።

«ዱቤ ወለድ የለውም»

በደብተሩ ላይ ወለድ የሚል ነገር ስለማይጻፍ እውነት ይመስላል። ወለዱ ያለው ዋጋው ውስጥ ነው። እንበል አንድ ቤተሰብ በወር የ3,000 ብር ዕቃ በዱቤ ይወስዳል፤ ያው ዕቃ በእሁድ ገበያ ወይም በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ቢገዛ 6 በመቶ ይቀንስ ነበር። ልዩነቱ በወር 180 ብር ነው፤ በዓመት 2,160 ብር ይሆናል። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ጎረቤትም በዚያው ሱቅ ያንኑ ዋጋ ይከፍል ይሆናል፤ እሱ ግን ዋጋው ካልተስማማው ሌላ ቦታ መሄድ ይችላል። ዱቤ ያለበት ሰው አይችልም። ዋጋ ሲጨመርበትም አፉን ሞልቶ አይከራከርም። በዚያ ላይ በግማሽ ሊትርና በሩብ ኪሎ መግዛት በራሱ ውድ ነው።

ባለሱቁን ክፉ ማድረግ ግን ግፍ ነው። ብዙዎቻችንን በክፉ ቀን ያሻገረን እሱ ነው፤ የራሱንም ገንዘብ አስሮ ነው የሚያበድረን። ችግሩ ደመወዝ በወጣ ዕለት ዱቤውን ሙሉ በሙሉ ዘግተን በማግስቱ አዲስ ገጽ ማስጀመራችን ላይ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ቤት ኪራይና ትራንስፖርት ከተቀነሰ በኋላ ለአስቤዛና ለዱቤ የሚቀረው 9,000 ብር ነው እንበል። 3,000ው ላለፈው ወር ዱቤ ይሄዳል። የቀረው 6,000 ወሩን ስለማያደርስ እንደገና 3,000 በዱቤ ይወሰዳል። ቤተሰቡ በየወሩ የ9,000 ብር ዕቃ ይጠቀማል፤ ዕዳው ግን ባለበት ይቆያል። ዱቤውን በአንዴ ከመዝጋት ይልቅ በሦስት ወር ቢከፋፍለው በወር 1,000 ከፍሎ 8,000 በእጁ ይቀራል። ስለዚህ ለሦስት ወር ያህል በወር የ1,000 ብር ፍጆታ መቀነስ አለበት። ቀላል አይደለም፤ ግን መጨረሻው የታወቀ ነው። ከሦስት ወር በኋላ 9,000 ብሩ ሙሉ በሙሉ በጥሬ ገንዘብ፣ በተመረጠ ገበያ፣ ለተመረጠ ምግብ ይውላል።

ይህ የሚሆነው ባለሱቁ ከተስማማ ነው፤ የሚስማማውም በግልጽ ሲነገረው ነው። «ጋሼ፣ ያለብኝን በሦስት ወር ከፍዬ ልጨርስልዎ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን በደብተር እንዳይጽፉልኝ» ማለት ያሳፍር ይሆናል። የሚያሳፍረው ግን መጥፋት ነው፤ ሱቁን ሸሽቶ በሌላ መንገድ መዞር። ባለሱቅ የሚፈራው የሚጠፋን ደንበኛ እንጂ ቀን ቆርጦ የሚከፍለውን አይደለም።

«ዕዳ እስኪያልቅ ሆድን ማሰር ነው»

ምሳ መዝለል፣ ቁርስን በሻይና በዳቦ ማለፍ፣ ማታ አንዴ መብላት። በተለይ እናቶች ለልጆች ለመተው ሲሉ ይህን ያደርጋሉ፤ ማንም አያመሰግናቸውም። የሚቆጠበው ገንዘብ ግን ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ቀን ሙሉ ያልበላ ሰው ማታ መንገድ ላይ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ይገዛል፤ ሻዩንም በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል። ይህን ከጾም ጋር ማምታታትም ልክ አይደለም። ጾም ሥርዓት አለው፤ የሚበላበት ሰዓትም የሚበላው ነገርም የታወቀ ነው። ገንዘብ አጥሮ ምግብ መዝለል ግን በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ሴት ደም ማነስን ይጠራል። በሐኪም ቤት የሚወጣው ወጪ ደግሞ ከምሳው ይበልጣል።

መቀነስ ያለበት ሌላ ነገር ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ስድስት ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ መልካም ነው የሚለውን መጠን አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ያልፈዋል። በየወሩ መቀነስ ካለበት 1,000 ብር የመጀመሪያው ክፍል ከለስላሳው፣ ከብስኩቱና ከሻዩ ስኳር ይገኛል። ከዘይቱም እንዲሁ። አብዛኛው ቤት ዘይት የሚጨምረው ከጀሪካኑ እያንቆረቆረ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ስላለው በማንኪያ እየለኩ መጨመር ለኪስም ለወገብም ይበጃል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የልብን የደም ሥር የሚጎዳው ዓይነት ስብ ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ቢወደድም በመጠኑ ከተጨመረ ወጪው ይቀራረባል። ሽንኩርቱን በትንሽ ውኃ እያቁላሉ ዘይቱን ኋላ መጨመር የእናቶቻችን የቆየ ብልሃት ነው።

«ጤናማ ምግብ የሀብታም ነው»

ይህ ግማሹ እውነት ነው። እንቁላል፣ ወተትና ፍራፍሬ ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ሆነዋል፤ «ትንሽ ብታስቡበት ትችላላችሁ» ብሎ መምከር ኑሮውን አለማወቅ ነው። ሐሰቱ ያለው ጤናማ ምግብ ማለት እነዚህ ብቻ ናቸው ማለቱ ላይ ነው። ጠዋት አጃ በወተት፣ ምሳ በዶሮ ሥጋ የተሠራ ሰላጣ የሚሉት የማኅበራዊ ሚዲያ ምክሮች ለእኛ ማጀት የተጻፉ አይደሉም።

100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ 100 ግራም ቀይ የበሬ ሥጋ ደግሞ ከ20 እስከ 22 ግራም። በኪሎ ሥጋው ከምስሩ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ምስር ተወደደ የሚል ሰው ባቄላን፣ አተርንና ሽምብራን ይይ፤ ሁሉም የፕሮቲን ጎተራዎች ናቸው። በእህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በጥራጥሬ ውስጥ ይበዛል፤ በጥራጥሬ የሚያንሰውን ደግሞ ጤፉ ይሞላል። ሽሮ በእንጀራ የድሃ መሸፈኛ ሳይሆን ፕሮቲኑ የተሟላ ገበታ ነው፤ የሚጎድለው አጠገቡ የሚቀመጥ እንደ ጎመን ያለ አትክልት ነው።

የጤፉን ቀለም በተመለከተም እምነታችን መፈተሽ አለበት። ማኛ ጤፍ ለዓይን ያምራል፣ ለእንግዳ ይቀርባል። በአልሚነቱ ግን ቀይ ጤፍ አያንስም፤ ዋጋውም ይቀላል። ማሽላ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት እንጀራም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ጥቅምም አለ። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ በእህሉ ያለው ብረት በሰውነት ውስጥ እንዳይሠርጽ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም አብሮ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም መብላት ብረቱ ይበልጥ እንዲሠርጽ ያግዛል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ስለሚያግዱት ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጡ ይሻላል። በቡና የተጣደፈ ምሳ ብዙ ብረት አባክኗል።

«ግፊትና ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው»

ይህ እምነት ብዙ ሰው ሳይመረመር እንዲቆይ ያደርጋል። የደም ግፊት ኪስ አይለይም። ጨውና የሚረጋ ዘይት የበዛበት፣ አትክልት ያነሰበት ገበታ ለበሽታው መንገድ ይጠርጋል፤ ከላይ ያየነው የደብተር ገጽ ይህንኑ ገበታ ነው የሚሰጠው። ለአንድ ሰው የሚመከረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ዳቦውና በርበሬው ውስጥ ያለውን ጨምሮ። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ስለሚገባባቸው ወጡን ሳይቀምሱ ጨው መነስነስ ልማድ መሆን የለበትም። ሕመሙ ከመጣ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ በየወሩ የሚገዛ ነው።

«የዘመድ ዕዳ ይቀድማል»

ይሉኝታ እንዲህ ያስባል፤ ሒሳቡ ሌላ ይላል። እንበል ከእህት 12,000 ብር ያለ ወለድ፣ ከአራጣ አበዳሪ 6,000 ብር በወር በ10 በመቶ ተወስዷል። አራጣው በየወሩ 600 ብር ይበላል፤ ያ ገንዘብ ዋናውን ዕዳ በአንድ ብር እንኳ አይቀንስም። በዓመት 7,200 ብር ነው፤ ከተበደርነው ይበልጣል። ስለዚህ አራጣው ይቀድማል፤ እህት ደግሞ «ከዚህ ወር ጀምሬ ይህን ያህል እሰጥሻለሁ» ተብላ ይነገራታል። ዘመድን የሚያስቀይመው መዘግየቱ ሳይሆን ዝምታው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ አራጣም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። በወር 10 በመቶ የሚጠይቅ ሰው በዓመት 120 በመቶ እየጠየቀ ነው። ተበዳሪው ወንጀለኛ ነኝ ብሎ የሚሸማቀቅበት፣ ምክር እንኳ የማይጠይቅበት ምክንያት የለም።

የስልክ ብድሮችም ከዚሁ ዝርዝር ይገባሉ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመሩት የቴሌብር መላና እንደኪሴ ለድንገተኛ ችግር ጠቅመዋል። ግን የአገልግሎት ክፍያ አላቸው፤ በየሳምንቱ ለአስቤዛ ከተወሰዱ ከዱቤ ደብተሩ አይለዩም።

«እቁብ ዕዳ አይደለም»

ዕጣው እስኪወጣ ቁጠባ ነው፤ ቀድሞ ለወጣለት ግን ከወለድ ነፃ ብድር ነው። በዕዳ ላለ ቤት ቀድሞ ቢወጣ ትልቅ ዕድል ነው፤ አራጣውን በአንዴ ዘግቶ ቀሪውን በየሳምንቱ መጣል ይቻላል። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። እቁብ እንዳይቋረጥ ሲሉ በዱቤ የሚበሉ ቤቶች ብዙ ናቸው። እነርሱ እቆጥባለሁ ብለው እያሰቡ ከሱቁ እየተበደሩ ነው የሚጥሉት፤ ዕጣው ሲወጣም ዋጋ ንሮ ይጠብቃቸዋል። ለእንዲህ ያለው ቤት ሙሉ ዕጣ ከከበደ ከጎረቤት ጋር ግማሽ ግማሽ ሆኖ መግባት ይቻላል፤ ብዙ እቁብ ይህን ይፈቅዳል። ሰብሳቢውን ማነጋገር የሚገባው ግን አዲስ ዙር ሲጀመር ነው፤ በመሀል ማቋረጥ ዋስ የሆነን ሰው ዕዳ ውስጥ መክተት ነው። በግማሹ የተረፈው ገንዘብ በየሳምንቱ ለጎመን፣ ለቲማቲምና ለሎሚ ይሁን፤ ከስድስት ወር በላይ የሆነው ሕፃን ካለ ደግሞ አስቀድሞ ለእሱ እንቁላል ይገዛበት።